አራተኛው ትውውቅ

ቄስ ሙላቱ ሚስታቸውን እንዴት እንዳገቡ ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ። የሃያ አንድ ዓመት ዲያቆን ነበሩ። ጳጳሱ ቅስና ሊሰጡ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ ዲያቆን ደግሞ ካላገባ ወይ ካልመነኮሰ ቅስና አይቀበልም። የኔታ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ ደብሪቱ አባት ቤት ሄዱ፤ ጊዜው ስላጠረ ሙላቱም አብረው ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። አባት ተስማሙ፣ እናት ተስማሙ፣ "እስቲ ልጅቱም ትጠየቅ" ተባለና ደብሪቱ ከጓዳ ተጠርታ ወጣች። የኔታ "ልጄ፣ ይህን ዲያቆን ታገቢዋለሽ?" ሲሏት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። "ዝም ካለችማ ተስማምታለች" አሉ የኔታ፤ እልል ተባለ። ቄስ ሙላቱ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይሉና "ዝም ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዝም ብላ አታውቅም" ይላሉ። ሰዉ ይስቃል።

ደብሪቱ ስትናገረው ሌላ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። የሳይንስ ፈተና ላይ ተቀምጣ አራተኛውን ጥያቄ ስትሠራ አጎቷ መጥቶ መምህሩን በጆሮው አናገረውና "አክስትሽ ታማለች" ተብላ ወጣች። ቦርሳዋን አልያዘችም፤ የምትመለስ መስሏት ነበር። ቤት ስትደርስ የታመመ ሰው የለም። እግሯን አጠቧት፣ የሌላ ሰው ቀሚስ አለበሷት፣ ከጓዳ አውጥተው እንግዶች ፊት አቆሟት። አንድ ሽማግሌ ቄስ አንድ ነገር ሲናገሩ ሰምታለች፤ ግን የሚናገሩት ለአባቷ ነበር የመሰላት። ዝም ያለችው ስላፈረች አይደለም፣ ስለተስማማችም አይደለም። የምትጠየቀው እሷ መሆኗን አላወቀችም። ሐሳቧ ያለው ቦርሳዋ ዘንድ ነበር።

የመጀመሪያውን ታሪክ ሦስት ደብር ሰምቶታል። ሁለተኛውን ቄስ ሙላቱ ራሳቸው የሰሙት ባለፈው ሐሙስ ነው፤ በተጋቡ በሃያ አራት ዓመታቸው። ከሳንቃ በላይ ካለው የገጠር ደብር ወደ መርሳ የተዛወሩበት ቀን ነበር። በስድስት ሺህ ብር የተከራዩት አይሱዙ ዕቃቸውን በዝናብ አራግፎ ሄዶ፣ እሳቸው ጣሪያው ጠፈጠፍ ስር ቆመው የአልጋውን ገመድ እየፈቱ ነበር። ደብሪቱና ልጃቸው ቃልኪዳን ውስጥ ሆነው ደብተሮቹን ከማዳበሪያ ያወጣሉ። ቃልኪዳን "ፈተና ሊሰጥ ሲል ሁልጊዜ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ አንቺስ እማ?" አለች። ደብሪቱም ነገረቻት። ድምፅዋን ዝቅም ከፍም ሳታደርግ፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ። ቄስ ሙላቱ ገመዱን በእጃቸው እንደያዙ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ "ገመዱ ተፈታ" ብለው ገቡ። ስለ ጉዳዩ ማንም ምንም አላነሳም፤ ዓርብና ቅዳሜም እንደዚያው አለፈ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ትውውቅ ተደረገ። የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ጠዋት አባርቶ ነበርና ሕዝቡ ጭቃውን እየሸሸ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ ወልዴ ማይክራፎኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ "አዲሱ አስተዳዳሪያችን ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ያስተዋውቁናል" አሉ። አቶ ወልዴ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው ናቸው፤ ከአንድ ወር በፊት ወልድያ ሀገረ ስብከት ድረስ ሄደው ቄስ ካልተመደበልን ብለው ሦስት ቀን ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ደብሩ ሁለት ቄስ ነበረው፤ አንዱ በሰኔ ዐረፉ፤ የቀሩት አባ አማረ ዓይናቸውም ጉልበታቸውም ደክሞ ዛሬ የቀደሱት ግድግዳ እየተደገፉ ነው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ቅዳሴ እንደሌለ የማያውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ ቄስ ሙላቱን የሚያያቸው ዝናብ ጠብቆ ደመና እንደሚያይ ገበሬ ነበር።

ቄስ ሙላቱ የተማሩበትን፣ ያገለገሉባቸውን ደብሮች ተናገሩ። ልጃቸው ሄኖክ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት መሆኑን፣ በፈተና ምክንያት አለመምጣቱን ተናገሩ። ከዚያ ወደ ግራቸው ዞር አሉ። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ የማይክራፎኑን ሽቦ እያየች ቆማለች። ጠዋት ሲነሡ ያንን ታሪክ ዛሬ እንደማይናገሩ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር። "ባለቤቴ ደብሪቱ ትባላለች" ብለው ሊያልፉ ነበር። ግን ሕዝቡ ፊቱን አቅንቶ ይጠብቃል፤ አንድ የሚያስቅ ነገር ቢሰማ ደስ እንደሚለው ያስታውቃል፤ አፋቸው ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል። "እሷን ያገባሁ ጊዜ" ብለው ሲጀምሩ ራሳቸውን ሰሙ። የኔታን አመጡ፣ ሽማግሌዎቹን አመጡ፣ ዝምታውን አመጡ። "ዝም ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው" ሲሉ ግቢው በሳቅ ሞላ፤ አባ አማረ እንኳ ጥርስ አልባ ድዳቸውን አሳዩ። በሦስቱም ደብሮች ደብሪቱ በዚህ ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍን ነበርና፣ ቄስ ሙላቱ የምትስቅ ነበር የሚመስላቸው። ዛሬ ትክ ብለው አዩዋት። ነጠላው አፏ ላይ ነው። ዓይኗ ሽቦው ላይ ነው። የምትስቅ ሴት ትከሻ ይንቀሳቀሳል፤ የሷ አልተንቀሳቀሰም።

የደነገጡት ያኔ ነው፤ ደንግጠውም ቶሎ ወደ ልጃቸው አለፉ። ልጅቱ ከስልሳ አራት ተማሪ ሁለተኛ ወጥታ ወደ አሥረኛ ክፍል ማለፏን ሊናገሩ ይችሉ ነበር። ወደ መርሳ ዝውውር የጠየቁትም በሷ ትምህርት ምክንያት ነበር፤ ከበፊቱ ደብር እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን አልተናገሩም። የደነገጠ ሰው የለመደውን ይናገራልና፣ "ልጄ ቃልኪዳን ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ትደግማለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ የምታውቀው የለም። እኔ ልጆቼን የኔ አልላቸውም፤ የቤተ ክርስቲያን ናቸው" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሁሉም አስረዝመው እልል ያሉት ወይዘሮ ማሚቴ የሚባሉ፣ ከፊት ተርታ የቆሙ ወፍራም ሴት ነበሩ። አቶ ወልዴ ዲያቆናቱ ወደቆሙበት አየት አድርገው ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

ሰንበቴ ቤት ውስጥ ዳቦው ተባርኮ ተቆርሶ ጠላው ሲዞር፣ አቶ ወልዴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉ።

"አባታችን፣ ነገሩን እንዴት እንደምናነሣው ስንጨነቅ እርስዎ ራስዎ አቀለሉልን።"

"የቱን ነገር?"

"አባ አማረን አዩዋቸው። ለፍልሰታም ያደረሳቸው እግዚአብሔር ነው። ዲያቆን ዮናስ አለን፤ የእትዬ ማሚቴ ልጅ፤ ቅዳሴውን ጨርሷል፣ ጠባዩን መርሳ ይመስክር። ጳጳሱ ከገና ጾም በፊት ወልድያ ቅስና ይሰጣሉ። የቀረው ማግባት ብቻ ነው። አንዴ የምእመን ልጅ አግብቶ ቀርቶብን ያውቃል ዲያቆን፤ ሚስቱ ጅቡቲ ወሰደችው።" ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን አቆሙ። "የካህን ልጅ ከሆነች ግን ነገሩን ታውቀዋለች። የዕድሜዋ ወረቀት ጉዳይ አያሳስብዎ፤ ለጊዜው ቃል ብቻ ይሰጠን። ምን ይላሉ?"

ቄስ ሙላቱ እጃቸው ላይ ቁራሽ ዳቦ ነበር። አይሆንም ሊሉ ፈለጉ። ግን ጠዋት በማይክራፎን የቤተ ክርስቲያን ናት ያሏትን ልጅ ቀትር ላይ የኔ ናት ማለት እንዴት ይጀመራል? አባ አማረ ከማዶ ተቀምጠው ዳቧቸውን በጠላ እያራሱ ሲበሉ አዩ። ዮናስንም አዩት፤ በሩ ላይ ቆሞ የጠላ ዋንጫ ያቀብላል፣ ጆሮው ግን ወደዚህ ነው። ጫማው በሶዳ የታጠበ ነጭ ሸራ ነው። ቁራሿን አኘኩ፤ ዋጡ። ለመዋጥ የፈጀባቸው ጊዜ ነበር ነገሩን የጨረሰው።

"ዝም ካሉማ ተስማምተዋል" አሉ አቶ ወልዴ፣ የጠዋቱን ቀልድ ለባለቤቱ እየመለሱ። ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወይዘሮ ማሚቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው መጥተው ጉልበታቸውን ሳሙ። ቄስ ሙላቱ "ኧረ ተነሡ፣ ተነሡ" ብቻ አሉ፤ ይህም እንደ ትሕትና ተቆጠረላቸው።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይሆንም። እሳቸው ግን በዋናው መንገድ ዞሩ። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ "ወልድያ፣ ወልድያ፣ ሁለት ሰው" ይላል፤ ወዲህ ማዶ ደግሞ ወደ ውርጌሳ የሚጭን አለ። ባጃጆቹ ኩሬውን እየረጩ ያልፋሉ። አንድ ሽማግሌ ጥላ ዘርግተው ሽንኩርት ይመዝናሉ፤ ኪሎው ሰማንያ ብር ነው፤ ቄስ ሙላቱ ሳይገዙ ዋጋ ጠየቁ፤ የሚቆሙበት ምክንያት ፈልገው ነበር። ሲራመዱ የማይናገሩት የታሪኩ ክፍል ትዝ አላቸው። ያን ቀን በሩ ላይ ሆነው ሲያዩ ልጅቱ ስትወጣ ቀኝ እጇ ተጨብጦ ነበር። የኔታ መስቀል ሊያሳልሟት "እጅሽን ዘርጊ" ሲሏት መዳፏ ተከፈተና ግማሽ እርሳስ መሬት ላይ ወደቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንሥቶ "ተማሪ ናት ለካ" አለና ሁሉም ሳቁ። ሙላቱም ሳቁ። በሦስት ደብር ታሪኩን ሲያወሩ እርሳሱን አንድም ቀን አላነሡትም። ለምን እንዳላነሡት ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ አሁን ሲጠይቁ መልሱ ሩቅ አልነበረም። አውቀዋል። ልጅ እንደነበረች ያኔውኑ አውቀው ነበር፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበር እንጂ።

ደብሩ የሰጣቸው ቤት ሁለት ክፍል ነው። የሞቱት ቄስ አልጋ የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ቀርቷል፤ ደብሪቱ ጋዜጣ ልትለጥፍበት ብላ ገና አልደረሰችም። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ይንጣጣል፤ የመርሳ ሙቀት ለደጋ ሰው ገና አልተለመደም። ደብሪቱ መስኮቱ ስር ተቀምጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀሚስ ጠርዝ እየፈታች ታስረዝማለች። የአዲሱ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀለሙ ሌላ ነው፤ አዲስ ለማሰፋት ሁለት ሺህ ብር ሲጠየቁ፣ ጎረቤታቸው ሳሚራ የልጇን የአምና አምጥታ ሰጠቻቸው። ሳሚራ እዚያው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ጀሪካን ውኃ ያመጣችላቸውም እሷ ናት፤ "አብሽሩ፣ ሰኞ ጠዋት ወላጅ ይዛ ትምጣ እንጂ ቶሎ ያልቃል" ብላቸው ነበር። ቃልኪዳን ውስጠኛው ክፍል ናት፤ የመሸኛዋንና የውጤት ካርዷን ፖስታ አልጋው ላይ አስቀምጣ ደብተር ትለብዳለች። የላስቲኩ ድምፅ ይሰማል።

ቄስ ሙላቱ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ደብሪቱ ቀና አላለችም።

"ማሚቴ የሚሏት ሴትዮ በር ላይ አቅፋ ስማኝ 'ዘመዴ' አለችኝ" አለች። "ምን አሏቸው?"

"ምንም አላልኳቸውም።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "እኔም ምንም አላልኩም ነበር" አለች።

ውስጥ የላስቲኩ ድምፅ ቆመ። ቄስ ሙላቱ ጥምጣሙን ማጠፍ ጀመሩ፤ አራት አጠፉት፤ ፈቱት፤ እንደገና አራት አጠፉት። ሐሙስ ሰምቻለሁ ሊሏት ፈለጉ። መስማታቸውን እንደምታውቅ ገባቸው፤ ምናልባት ሐሙስም ታውቅ ነበር። ሃያ አራት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል፤ ሁለት ልጅ ቀብረው ሁለት አሳድገዋል፤ እሳቸው ታመው ደሴ ሆስፒታል ሲተኙ አርባ ቀን ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም፤ ሰው "እንደ ቄስ ሙላቱ ቤት ሰላም ይስጣችሁ" ብሎ ይመርቅ ነበር። ይህን ሁሉ አሰቡት፤ ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን ለአሁኑ ነገር መልስ አልሆን አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እንግዶቹ መጡ። አቶ ወልዴ ከፊት፣ ወይዘሮ ማሚቴ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው፣ ዮናስ ከኋላ የአምስት ሊትር ዘይት ተሸክሞ። "እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ነው" አሉ አቶ ወልዴ። ወይዘሮ ማሚቴ አልጋው ላይ ሲቀመጡ አልጋው ተንቋቋ። "ይሄ ዘይት አሁን የተገዛበትን ብትሰሙ" አሉ፤ "ድሮ በዚህ ብር በሬ ይገኝ ነበር።" ደብሪቱ ፈገግ ብላ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ማሽላው ተወራ፣ ስለ ሞቱት ቄስ ደግነት ተወራ። ዮናስ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ዘይቱን የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት ጉልበቱ ላይ ይዞታል።

"እንግዲህ ሽማግሌ የምንልክበትን ቀን ቢነግሩን" አሉ አቶ ወልዴ በመጨረሻ።

ቄስ ሙላቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቶ ወልዴ፣ ሰንበቴ ቤት መናገር ነበረብኝ፤ ሳልናገር ቀረሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቱ ገና ተማሪ ናት። ገና ልጅ ናት።"

አቶ ወልዴ አልተቆጡም። እንደ ቀና ሰው፣ ለማወቅ ያህል ጠየቁ። "እርስዎ ወይዘሮ ደብሪቱን ሲያገቡ ዕድሜዋ ስንት ነበር?"

ቄስ ሙላቱ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጥሩን ያውቁታል። ይህን ቁጥር ከተናገሩ ወይ የልጃቸው ነገር ይፈርሳል፣ ወይ የራሳቸው ትዳር። ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተንጣጣ።

"አሥራ ሦስት" አለች ደብሪቱ፣ ከመስኮቱ ስር። "ፈተና ላይ ነበርኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ።"

"ታዲያ እኔም በአሥራ አራቴ ነው የተዳርኩት፤ ምን ሆንኩ?" አሉ ወይዘሮ ማሚቴ።

"እሱን አንቱ ያውቃሉ፣ እትዬ ማሚቴ።"

ወይዘሮ ማሚቴ መልስ ሊሰጡ ቀና ብለው ነበር። ግን የስኳሩን ላስቲክ ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉት ጀመር። ከውጭ ባጃጅ ጭቃ ይዟት ስትጮህ ይሰማል።

"እኔ" አለ ዮናስ፣ ዘይቱን መሬት አስቀምጦ፣ "እሺ ብላለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

"ማን ጠየቃት?" አሉ ቄስ ሙላቱ።

ዮናስ እናቱን አየ። እናቱ አቶ ወልዴን አዩ። የልጁ ፊት ቀላ፤ ቄስ ሙላቱ ያንን ፊት ያውቁታል፤ በሃያ አንድ ዓመታቸው በር ላይ የቆመው ያው ፊት ነበር፤ ክፋት የሌለበት፣ ቀን የሚቆጥር። ቢቆጡት ኖሮ ይቀላቸው ነበር። "ቃልኪዳን" ብለው ተጣሩ። ልጅቱ ብቅ አለች፤ የደብተር ልባስ ፕላስተር ጣቷ ላይ ተለጥፏል። እንግዶቹን እጅ ነሣች። አባቷ ሊጠይቋት ፈልገው እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ ጠፋባቸው፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም።

"ሁሉንም ሰምተሻል?" አሉ።

"ሰምቻለሁ።"

"ምን ትያለሽ? ማንንም አትፍሪ።"

ቃልኪዳን ፕላስተሩን ከጣቷ ነቀለችና አጠፈችው። "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?" አለች። "ሳሚራ ወላጅ ካልመጣ አይመዘገብም ብላለች።"

"ሁለት ሰዓት" አሉ ቄስ ሙላቱ። "እኔ ነኝ የምወስድሽ።"

ወይዘሮ ማሚቴ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲህ ሌላ ቤት እንሄዳለን። የሰው ልጅ ሞልቷል" አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን ቀን እንዳጠረበት ሰው። ቄስ ሙላቱ ያ ሌላው ቤት ታያቸው። ጓዳ አለው። ጓዳው ውስጥ ያለችው ልጅ ስንተኛ ክፍል ትሆን? ይህን ለማስቆም ዛሬ ጠዋት በእጃቸው ማይክራፎን ነበር፤ የሰጡት ግን ቀልድ ነው።

አቶ ወልዴ ለመነሣት በትራቸውን ይዘው እንደገና ተቀመጡ። "አባታችን፣ ልጅዎ ናት፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አባ አማረ አንድ ቀን ከመኝታቸው ባይነሡ ቅዳሴው ይታጎላል። ያኔ ሕዝቡን ምን እለዋለሁ?"

"አላውቅም።"

"ሌላም አለ። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ናት ብለዋል፤ ግማሽ መርሳ ሰምቷል። ነገ ቄሱ ሁለት አፍ አለው ይባላል።"

"አለኝ" አሉ ቄስ ሙላቱ። "ጠዋት ስለ ባለቤቴ የነገርኳችሁም ልክ አልነበረም። አልጠየቅናትም። የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማይክራፎኑን ይስጡኝ፤ ራሴን እንደገና አስተዋውቃለሁ። ታሪኩን እንደነበረ እናገራለሁ፤ ሴት ልጅ ያለውም ዲያቆን የሆነውም ይስማው።"

"ወልድያ ይደርሳል ይሄ" አሉ አቶ ወልዴ ቀስ ብለው። "በትዳርዎ ላይ ራስዎ መሰከሩ ይባላል። የማይወድዎ ሰው ቅስናዎን አንሥቶ ይከስስበታል።"

"ይደርስ ይሆናል።"

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደብሪቱ መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰክታ እጇን ጭኗ ላይ አኑራለች። ቄስ ሙላቱ በአንድ ትንፋሽ የእሷን ነገር ለሕዝብ ሊሰጡ እንደነበር፣ አሁንም ሳይጠይቋት መሆኑን አዩ። ፊታቸው ላይ ሙቀት ወጣ።

"ደብሪቱ፣ ታሪኩ ያንቺ ነው" አሉ። "ልናገረው ትፈቅጂልኛለሽ?"

ደብሪቱ ዝም አለች። አቶ ወልዴ በትራቸውን አዩ፤ ዮናስ ዘይቱን አየ። ዝምታው ረዘመ፤ ወይዘሮ ማሚቴ ሊያሳልፉት ብለው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቄስ ሙላቱ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ።

"ዝም ካልሽ እሺ ብላለች አልልም" አሉ። "እጠብቃለሁ።"

ደብሪቱ ቀሚሱን አንሥታ ጠርዙን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። የድሮው ስፌት የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጠቆር ብሎ መስመር ሠርቷል፤ ቢታጠብም እንደማይለቅ ያስታውቃል። አጥፋ ለቃልኪዳን ሰጠቻትና ወደ ባሏ ዞረች።

"ይናገሩት" አለች። "እርሳሱንም ይናገሩ፤ ያኔ እንደሳቁ አይቻለሁ። እኔ ግን እሑድ ከጎንዎ አልቆምም። የአንቱን አራት ጊዜ ቆሜ ሰምቻለሁ። የራሴን አውቀዋለሁ፤ ቆሜ አልሰማውም።"